የብራዚል ውርጭና የእኛ ደስታ

በሰው ጉዳት መደሰት ነውር ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ ገና ልጆች ሳለን ከእናቶቻችን ምድጃ ዳር የተማርነው ነገር ነው። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል እሳት ልሙቅ ብሎ የሚጠጋ ሰው ቢገኝ አገር ይታዘበዋል። ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወርዶ የቡና ዛፍ ሲያቃጥል የጅማና የይርጋ ጨፌ ገበሬ፣ የአዲስ አበባ ላኪና የመንግሥት ግምጃ ቤት ፊታቸው የሚፈካው ስለ ምንድን ነው? እኛስ፣ ቡና ባመጣው የውጭ ምንዛሪ በተገዛ መድኃኒት የምንታከምና በተገዛ መጽሐፍ የምንማር ተማሪዎች፣ በዚህ ደስታ ውስጥ የለንበትምን?

ነገሩ የክርክር ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1975 በብራዚል የፓራና ግዛት የወረደው ውርጭ የግዛቱን ቡና አወደመው። በቡና እርሻ ላይ ተቀጥረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን አጥተው ወደ ከተማና ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በቅርቡ ደግሞ ጉዳቱን ያመጣው ድርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብራዚልና ቬትናም፣ ማለትም በዓለም አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ቡና አምራቾች፣ በአንድ ሰሞን ተመቱ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የ1977ቱ ከፍተኛ ዋጋ ተሰበረ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ። በዚያ በጀት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም.፣ አገራችን ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። እንዲህ ያለ ገቢ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። እልል ተባለ። እልልታው መነሻው የማን ለቅሶ እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው አልጠየቀም።

ለመሆኑ ዋጋውን ማን ቆረጠው? እዚህ ላይ ጥቂት ስለ አሠራሩ እንነጋገር።

የኒው ዮርክ የቡና ገበያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በዚያ ገበያ ዋናው ሸቀጥ በጆንያ የተሞላ ቡና አይደለም፤ ውል ነው። ሻጩ ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ያህል ቡና በዚህ ዋጋ አስረክባለሁ ይላል፤ ገዢው እረከባለሁ ይላል። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። በእኛ ቡና ነጋዴ መለኪያ፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፣ ልክ 1,000 ፈረሱላ ያህል ይሆናል። ከእነዚህ ውሎች አብዛኞቹ የርክክቡ ቀን ሳይደርስ በተቃራኒ ውል ይዘጋሉ። የገዛው ሳይረከብ ይሸጠዋል፤ የሸጠው ሳያስረክብ መልሶ ይገዛዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሆኖም ያቺ በሰማይ ያለች ላም የምድሩን ወተት ዋጋ ትወስናለች። የሚገርመው ደግሞ ለዓመታት በሥራ ላይ በቆየው ደንብ መሠረት ለዚህ ውል ማስረከቢያ የሚሆነው የ20 አገሮች ቡና ሲሆን፣ የቡና መገኛ ናት የምትባለው ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቢሆንም ላኪያችን ከውጭ ገዢ ጋር ሲደራደር የኒው ዮርኩን ዋጋ መነሻ አድርጎ፣ በዚያ ላይ ይህን ያህል ይጨመር ወይም ይቀነስ እያለ ነው። ባልተጠራንበት ድግስ ሒሳብ የሚወጣልን በዚህ ዓይነት ነው።

ይህን ሰምቶ ‹ቁማር ነው!› ብሎ መነሣት ቀላል ነው። እኔ ግን አልቸኩልም። ቡና የሚቆላ ፋብሪካ በመጪው ዓመት በስንት እንደሚገዛ አስቀድሞ ካላወቀ ሥራውን ማቀድ አይችልም፤ በብራዚል ሰፊ እርሻ ያለውም ሰው ምርቱ ሳይደርስ ዋጋውን አስሮ መተኛት ይፈልጋል። ሁለቱም የሚሸሹትን ሥጋት የሚሸከም ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የዋጋን መውጣትና መውረድ እየገመተ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሲያተርፍ እናየዋለን እንጂ ሲከስር አናየውም። ስለዚህ ውሉ በራሱ ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም።

ከዚህ የሚከብድ ሙግት አለ። የኤኮኖሚ ሊቅ የነበረው የኦስትሪያ ተወላጅ ፍሪድሪክ ሀየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ዋጋ መልእክት ነው ይለናል። ምሳሌው የቆርቆሮ ማዕድን ነው። በዓለም ላይ አንድ ቦታ የማዕድኑ ምንጭ ቢነጥፍ፣ ተጠቃሚዎቹ ስለ አደጋው ምንም መስማት አያስፈልጋቸውም፤ ዋጋው መውጣቱን ብቻ አይተው ይቆጥባሉ። ማንም ሳያዝዛቸው ሚሊዮኖች ተስማምተው እንደ መከሩ ይሆናሉ። በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ፍትሕ ወይም በደል የሚባለው፣ አለ፣ የሰው ሥራ ሲኖር ነው። ገበያ የሚያመጣውን ውጤት ግን ማንም አስቦ አላደረገውም። ስለዚህ ውጤቱ ደግ ወይም ክፉ ሊሆን ይችላል እንጂ በደል ሊባል አይችልም።

ሙግቱ ቀላል እንዳይመስለን። የበልግ ዝናብ ቢቀር ገበሬው ያዝናል፣ ይጸልያል እንጂ ደመናውን አይከስም። ዋጋም እንደ ዝናብ ከሆነ ከስ የለም፤ ከስ ከሌለም የብራዚልን ውርጭ ተከትሎ የመጣልን ብር ንጹሕ ነው፤ ነገ ዋጋው ወርዶ የጅማው ገበሬ ልጁን ከትምህርት ቤት ቢያስወጣም የሚጠየቅ የለም ማለት ነው። ደስታችንንና ሐዘናችንን በአንድ ጊዜ ከጥያቄ ያወጣልናል። ምን የመሰለ ዕረፍት ነው! ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት ሲሰጠን መጠርጠር ይገባናል።

ዋጋ ዝናብ አይደለም የምልበትን ምክንያት ልናገር።

አንደኛ፣ ዝናብ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘንባል፤ የዋጋ ወሬ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስም። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ በክርስቶስ ልደት ዋዜማ፣ በ44 ዓመተ ዓለም ገደማ በጻፈው ስለ ግዴታ በሚናገረው መጽሐፉ አንድ ጥያቄ አንሥቷል። የሮድስ ደሴት ተርቧል። አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። እህል የጫኑ ሌሎች ብዙ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ ላይ አይቷል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሁለት ፈላስፎች በዚህ ተለያዩ። ዲዮጋንስ ዘባቢሎን፣ መዋሸት አይገባም እንጂ የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፣ ሰው ለሰው የተፈጠረ ነውና ገዢው እንዳያውቅ ማድረግ አይገባም ሲል መለሰ። ሲሴሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ።

አሁን ሮድስን ትተን ወደ ቡና ጫካችን እንግባ። በኒው ዮርክ የተቀመጠው ገማች ነጋዴ የብራዚልን ሰማይ በሳተላይት ያያል። የአዲስ አበባው ላኪ ዋጋውን በስልኩ ይከታተላል። ሰብሳቢው ከላኪው ይሰማል። እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ ጭቃ የሚያቋርጠው ሰውዬስ? እሱ ዋጋውን የሚሰማው ከራሱ ከገዢው አፍ ነው። እንግዲህ በዚህ ቦታ ዝም ማለት ዝም ማለት ብቻ ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። ሁለት ሰዎች እኩል እያወቁ ሲደራደሩ አንዱ ቢያተርፍ ብልሃት ነው፤ አንዱ ብቻ እያወቀ ሌላው በጨለማ ሲሸጥ ግን፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ይደርሳል። ያውም ሰውዬው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ መብራት ስላልደረሰው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በየገጠሩ ከተማ በሰሌዳና በስልክ ለማሳወቅ መነሣቱ ይህንኑ ጨለማ ለመቀነስ ነበር። ሰሌዳ መስቀል ወይም አለመስቀል ደግሞ የደመና ሥራ አይደለም፤ የሰው ውሳኔ ነው።

ሁለተኛ፣ መልእክት የሚጠቅመው ሰምቶ መንቀሳቀስ ለሚችል ነው። የቆርቆሮ ተጠቃሚው ዋጋ ሲወጣ ነገ መቆጠብ ይችላል። የቡና ዛፍ ግን ከተተከለ በኋላ ደህና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ዛሬ በተወደደው ዋጋ ተስፋ አድርጎ የተከለ ገበሬ የሚለቅመው ሁሉም ከተከሉ በኋላ፣ ዋጋው ሲረክስ ነው። በ1990ዎቹ ቬትናም በሰፊው ተክላ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለተኛዋ አምራች ሆነች፤ ገበያው ሞላ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ጊዜ በሐረርጌ ገበሬዎች ቡናቸውን እየነቀሉ ጫት ተከሉ። ‹ይኸው፣ መልእክቱን ሰምተው ተንቀሳቀሱ!› የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፣ ተንቀሳቀሱ። ነገር ግን አያት የተከለውን ዛፍ በመጥረቢያ መምታትና ቢሮ ተቀምጦ ውል መዝጋት እኩል እንቅስቃሴ ናቸውን? ሁለቱም አንድ ዋጋ ሰምተዋል፤ አንዱ የከፈለው በስልክ ጥሪ ነው፣ ሌላው በዕድሜው።

ሦስተኛ፣ የዋጋው ቁጥር ባለቤት ባይኖረውም ቁጥሩ የሚወጣበት ሚዛን ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 ቡና ሻጭና ቡና ጠጪ አገሮች የዓለም አቀፍ ቡና ስምምነትን ፈረሙ፤ ኢትዮጵያም ከአባላቱ አንዷ ነበረች። ለየአገሩ የሽያጭ ኮታ ተመደበለት፤ ዋጋ ሲወርድ ኮታው ይጠብባል፣ ሲወጣ ይላላል። በ1980ዎቹ ዋጋውን ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር ባለው መካከል ለማቆየት ይሞከር ነበር። ስምምነቱ ጻድቅ ነበር አልልም። ኮታው የሚከፋፈለው በጉልበትና በድርድር ነበር፤ ከኮታ የተረፈው ቡና አባል ላልሆኑ አገሮች በርካሽ ይሸጥ ነበር። በእኛም አገር በደርግ ዘመን፣ ኒው ዮርክ ላይ ዋጋ ሲወጣ ከቀረጡና ከመንግሥት ግዥው ተርፎ ለገበሬው የሚደርሰው ጥቂት ነበር። ቢሆንም ስምምነቱ አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ለዋጋ ወለልና ጣሪያ ማበጀት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1989 ለንደን ላይ አባላቱ መስማማት አቅቷቸው ኮታው ተነሣ፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። ጣሪያው ሲነሣ ዝናቡ ገባ። ዝናቡን ማንም አላዘነበውም እንበል፣ ጣሪያውን ያነሡት ግን ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የቅርቡንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የአሜሪካ መንግሥት በብራዚል ቡና ላይ የጣለው ቀረጥ 50 በመቶ ደረሰ፤ የኒው ዮርክ ዋጋ ወጣ፤ በኖቬምበር ቡናው ከቀረጡ ነፃ ተደረገ። ይህም ዝናብ ነው ልንል ነው? ወይም ወደ ኋላ ሄደን 2005ን እናስታውስ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ክርክር በጋዜጣ ሁሉ ተወራ፤ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ዋጋ እንደ ሰማይ ነገር ከሆነ በስም ላይ ይህን ያህል መከራከር ለምን አስፈለገ? ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከትርፉ ስንቱ የማን ነው ከሚለው ጋር ስለ ተያያዘ ነው።

እንግዲህ የሀየክን ሙግት በሙሉ አልጥልም። ቁጥሩን ራሱን መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። 50 ሳንቲም ክፉ ቁጥር፣ 4 ዶላር ደግ ቁጥር አይደለም። በደል የሚገኘው ቁጥሩ ሲመጣ ማን አስቀድሞ እንዳወቀ፣ ማን መጠበቅ እንደቻለና ደንቡ ሲጻፍ ማን በጠረጴዛው ዙሪያ እንደነበረ ስንጠይቅ ነው። እነዚህን ሁሉ ሰው የወሰናቸው ናቸው፤ ሰው የወሰነው ነገር ደግሞ ከፍርድ አያመልጥም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የእኛን ወገን የሚፈትን ነገር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ዋጋ ሲወርድ ‹ዋጋ ዕጣ ፈንታ አይደለም፣ ሰው ይጠየቅበት› የምንል ከሆነ፣ ዋጋ ሲወጣስ? በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋው ድንገት ሲንር፣ ቀደም ሲል በዝቅተኛ ዋጋ ለማስረከብ የተዋዋሉ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ሳያስረክቡ ቀሩ። ልባችን ወዴት ያዘነብላል? ወደ ገበሬው፤ የእኔም እንዲሁ ነው። ‹ሲረክስ ማን ደረሰለት?› ይባላል። ነገር ግን ውሉን የገዛው ሁሉ ሀብታም ኩባንያ አይደለም፤ በመካከል የራሱ የገበሬው ማኅበር አለ፣ ቡናውን እልካለሁ ብሎ ቃል የገባ፣ ጎድሎበት የሚከስር። ደካማ መሆን ቃልን ከማክበር ነፃ ካወጣ፣ ነገ ከደካማ ጋር የሚዋዋል አይገኝም፤ ደካማውም በዚያው ደካማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፍርዳችን በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። በወረደ ጊዜ የምንጠይቀውን ፍትሕ በወጣ ጊዜ ከራሳችን ካልጠየቅን፣ የምንፈልገው ፍትሕ ሳይሆን ተራ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በብራዚል ውርጭ መደሰት ነውር ነውን?

ውርጩን እኛ አላወረድነውም። ገበሬው ደስ ያለው ለብራዚላዊው ሠራተኛ ስደት አይደለም፤ ለልጁ ደብተር፣ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለዕዳው መክፈያ ነው። ይህን ደስታ የሚያወግዝ ሰው ጠግቦ የሚያድር ብቻ ነው። ነውሩ የሚጀምረው ውርጩን መመኘት ስንጀምር ነው፤ የአገር ዕቅድ ‹ዘንድሮም እዚያ ቢደርቅላቸው› በሚል ተስፋ ላይ ሲቆም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሳያስበው የጎረቤቱ ሟርተኛ ይሆናል። ደግሞም ድርቅ አድራሻ አይመርጥም፤ የእኛም የቡና ጫካ ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት ደርሶበታል። የእኛ ቡና በደረቀ ዓመት ብራዚል ውስጥ ፊቱ የሚፈካ ገበሬ ይኖራል፤ እኛም ልንፈርድበት አንችልም።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ እንግዲህ ይህ ይመስለኛል። በደህናው ዓመት ከመጣው ገንዘብ ለክፉው ዓመት ማስቀመጥ፣ ያም ላኪና ግምጃ ቤት ዘንድ ብቻ ሳይሆን ዛፉን ከተከለው ሰው ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ፤ የዋጋውን ወሬ ለባለ ጆንያው ከሰብሳቢው እኩል ማድረስ፤ ደንብ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ የእኛ ብቻ ሳይሆን የብራዚልና የቬትናም ገበሬ ወንበር እንዲኖረው መሟገት። ከብራዚል ገበሬ ጋር በገበያ ተፎካካሪ ነን፤ በሚዛኑ ላይ ግን ሁለታችንም በአንድ ወገን ነን። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን፤ ሣር ከሣር ጋር ከተጣላ ግን ማን ሊያዝንለት ነው?

ኤኮኖሚ የሚያጠኑ ጓደኞቼ ‹ወለልና ጣሪያ ሞክረነው ወድቋል› ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ወድቋል። ነገር ግን አንድ ቤት በመጥፎ ስለ ተሠራ ሰው ሜዳ ላይ ይደር የሚል ፍልስፍና አልሰማሁም። የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው ቅጽ እንገናኝ። ብቻ ሲጽፍ ‹ገበያው እንዲህ አለ› ብሎ አይጀምር። ገበያ አፍ የለውም፤ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎችን ደግሞ በስማቸው ጠርተን እንጠይቃቸው።